መደበቅን ያስተማርኳት እኔ ነኝ

ልጄን ስኳር ሲይዛት ገና 11 ዓመቷ ነበር። ውሃ አያረካትም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሣለች። ሰውነቷ አለቀ። መጀመሪያ ጠበል ወሰድኳት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ራሷን ልትስት ምንም አልቀራትም ነበር። «ዓይነት 1 ነው። ቆሽቷ ኢንሱሊን አያመነጭም፤ በየቀኑ መወጋት አለባት» አሉን።

የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ለባለቤቴ ያልኩት «ሰው እንዳይሰማ» ነበር። ሴት ልጅ ናት፤ ነገ ማን ያገባታል ብዬ ነው። ኢንሱሊኗን እንዲቀዘቅዝ እርጥብ አሸዋ ያለበት ገንቦ ውስጥ አድርጌ ጓዳ ከጠላው ጋን ጀርባ ሸሸግሁት። እንግዳ ከመጣ በር ዘግታ ትወጋለች። በፍልሰታ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ሲያስቀድሱ፣ «አንቺ ለምን አትጾሚም?» እንዳትባል ቤት አስቀራት ነበር።

14 ዓመት ሲሞላት የስኳሯን ልክ ራሷ ደብተር ላይ ትጽፍ ጀመር። ጠዋት 120፣ ማታ 130። ደስታዬን አልነግራችሁም። ከዚያ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ መጣ፤ 12 በመቶ። ወደ 7 ገደማ ነበር መሆን የነበረበት። ደብተሩ ላይ ያለው ሁሉ ፈጠራ ነው። እዚያው ሰው ፊት ጮህኩባት።

ማታ መብራት ጠፍቶ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ብዙ ቆይታ ተናገረች። «እማ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ፊትሽ ይጠቁራል። ዘመድ ቤት ሳድር ደግሞ ሰው እንዳያየኝ ሳልወጋ እቀራለሁ። ደብቂ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

መልስ አልነበረኝም። ይቅር በይኝ አልኳት። አብረን አለቀስን።

በማግስቱ አንዲት ነርስ ዘንድ ሄጄ የሆዴን ዘረገፍሁ። በዚህ ዕድሜ የዕድገት ሆርሞኖች ኢንሱሊኑን ስለሚታገሉት ስኳሩ ያለ ጥፋቷም ከፍ ሊል እንደሚችል ነገረችኝ። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ባውቅ ኖሮ! ስንቱን ቀን በከንቱ ተቆጥቻታለሁ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ «ስኳርሽ ስንት ነው?» ማለት ተውሁ። ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ፈተናው እናወራለን። ቁጥሩ በኋላ ይመጣል፤ መድኃኒቱን ለመመጠን እንጂ ለመቆጣት አይደለም። ከፍ ብሎ ሲገኝ ፊቴን መግታት ግን ከባድ ነው። አንዳንዴ ያመልጠኛል፤ ያኔ ይቅርታ እላታለሁ።

የንስሐ አባታችን ሲሰሙ አዘኑ። «ለታመመ ጾም አይታዘዝም፤ ልጅቷን ከቤተ ክርስቲያን ለምን አራቅሻት?» አሉኝ። አሁን ሽሮዋን በሰዓቷ በልታ ከልጆቹ ጋር ታስቀድሳለች። ለክፍል ኃላፊ መምህሯና ለቅርብ ጓደኛዋም ነገርን። ስኳሯ ወርዶ ካንቀጠቀጣትና ካላባት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አለመስጠት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ማድረስ።

የእኔም ነገር አለ። ሌሊት ስኳሯ ይወርድ ይሆን እያልኩ በየሰዓቱ ግንባሯን ስዳስስ ዓመታት አልፈዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? አሁን ከባለቤቴ ጋር በተራ እንነሣለን። ይህንንም መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ገንቦውንም ከጓዳ አወጣሁት። ነፋስ ሲያገኘው ነው የሚቀዘቅዘው፤ አሁን በረንዳ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ጎረቤቶቼ ቡና እየጠጡ ሳለ ልጄ ከደጅ ገባች። ጣቷን ወግታ ለካችና «እማ፣ 240 ነው፤ ትናንት ማታ ሳልወጋ ተኛሁ» አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ገንቦው በረንዳ ላይ ነው» አልኳት።