«ስንት ከመቶ እርግጠኛ ነህ?» እያልኩ የከረምኩበት ዓመት

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። የሰፈራችን ልጅ አባቱ ሞተውበት ድንኳን ውስጥ አምሽተን ነበር። አንዱ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ። ንፍሮ ይዞራል። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ጓደኞቼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክርክር ያዙ። አንደኛው ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ «ፈጣሪ የሚባል የለም» ባይ ነው። ሌላው ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ዛሬም ጾም የማይገድፍ ነው።

«እናንተ ሳታስቡ ነው የምታምኑት» አለ አንዱ።

«አንተም ሳታስብ ነው የካድከው» አለ ሌላው።

ከዚያ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። «እኔ መቶ በመቶ እርግጠኛ ነኝ!»

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለቱንም ከልጅነት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም አይዋሹም። ታዲያ ስለ አንድ ነገር ሁለት ተቃራኒ መቶ በመቶ ከየት ይመጣል? የማንኛቸው መቶ ይበልጣል? እኔ በአርባ ቀኔ የተጠመቅኩ፣ ሲጨንቀኝ የምጸልይ፣ ሲደላኝ የምረሳ ሰው ነኝ። ጥያቄው የራሴም ነበር። በማግስቱ ደብተር ገዛሁና ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ዓመት ወሰደ። ወደ 20 ሰው አናገርኩ። ጥናት ነው አልልም። የማውቃቸውን፣ የሚያምኑኝን ሰዎች ነው የጠየቅኩት።

መጀመሪያ መለኪያ ፈለግሁ። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶውኪንስ ባለ ሰባት ደረጃ መለኪያ አለው። 1 ፈጣሪ እንዳለ ፍጹም እርግጠኛ ለሆነ ሰው ነው። 7 እንደሌለ ፍጹም እርግጠኛ ለሆነ። የገረመኝ ነገር በኢ-አማኒነቱ ዓለም ያወቀው ይህ ሰው ራሱ 7 ላይ አለመቆሙ ነው። 6 ላይ ነኝ፣ ወደ 7 አዘነብላለሁ ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦክስፎርድ ላይ ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ፣ ከያኔው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ ጋር ሲወያይ ደግሞ 6.9 አለ። ያቺን 0.1 ለምን እንደተዋት ብዙ አሰብኩ።

መለኪያው ሰፈራችን ውስጥ አልሠራም። ሰባቱን ደረጃ አስረድቼ ስጨርስ ሰው ወይ አንድ ይላል ወይ ሰባት። መሀሉን የሚያየው የለም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከትምህርት ቤት በሚያውቀው ቋንቋ ጠየቅኩ። ስንት ከመቶ?

ይኼም አልሠራም። የሚያምኑት በሙሉ ማለት ይቻላል መቶ አሉ። ጥያቄው ራሱ ቅር ያላቸውም ነበሩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ሆነሃል? ሰላም ነህ?» ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ። ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። እኔ ቁጥር የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን «ከኛ ጋር ነሽ ወይስ አይደለሽም?» የሚል ነው። በቋንቋችን «ካደ» የሚለውን ቃል አስቡት። እግዚአብሔርን የካደ፣ አገሩን የካደ፣ ብድሩን የካደ፣ ወዳጁን የካደ። አንድ ቃል ነው። «አላምንም» የሚል ሰው ስለ ፈጣሪ መኖር አለመኖር አስተያየት የሰጠ አይመስለንም። ጥሎን የሄደ ነው የሚመስለን። በዚህ ቃል ውስጥ ያደገ ሰው 90 ሊል አይችልም። 90 ማለት አሥር ከመቶ ከሃዲ ነኝ ማለት ነው።

የጠያቂው ማንነትም ትልቅ ነገር ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካውያንን በስልክ ሲጠይቅ 71 በመቶው በፈጣሪ መኖር ፍጹም እርግጠኛ ነን አሉ። በ2014 ሲጠይቅ 63 በመቶ ሆነ። እዚያ ሰው የሚመልሰው ለማያውቀው ድምፅ ነው። እኔ ግን የጎረቤት ልጅ ነኝ። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1947 ይህንኑ በግልጽ ተናግሯል። ለፈላስፎች ሲያወራ «አላውቅም ባይ ነኝ» ይል ነበር፣ ምክንያቱም ፈጣሪ አለመኖሩን በማስረጃ ማረጋገጥ አይቻልም። ለተራው ሰው ግን «ኢ-አማኒ ነኝ» ማለት ይሻለኛል አለ። ሰውየው አንድ፣ ሐሳቡም አንድ። የተለወጠው ሰሚው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርኩ። ሰውን ለብቻው ማግኘት። እና ቁጥሩን ትቶ «ለመጨረሻ ጊዜ የተጠራጠርከው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ሕዝብ መጠርጠርን መቼም አያጣውም ብዬ ነው።

በሩ ያኔ ተከፈተ።

ከሁሉም አስቀድሜ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችንን ልጥቀስ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ውስጥ የውይይት ክበብ መሪ ነበሩ። ዲያሌክቲካል ማቴሪያሊዝም የሚባለውን፣ ፈጣሪ የለም የሚለውን የማርክሲስቶች ፍልስፍና ያስተምሩ ነበር። ዘመኑ የዋዛ አልነበረም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. የተገደሉበት ነው።

«ጋሼ፣ ያኔ ስንት ከመቶ እርግጠኛ ነበሩ?» አልኳቸው።

«መቶ» አሉ ወዲያው። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩ። «ግን ስማ። እናቴ በየወሩ በ12 የሚካኤልን ዝክር ታወጣ ነበር። እኔ ክበብ ውስጥ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው ብዬ አስተምርና ማታ ጓዳ ገብቼ ዳቦውን እበላለሁ። እንዳልታይ መብራት አላበራም። በጨለማ ነው የምበላው።»

አሁን በየማለዳው ኪዳን ያደርሳሉ። አሁንስ ስንት ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሰማንያ በለው» አሉኝ። «ያኔ ሳላስብ መቶ ብያለሁ። አሁን መቶ ማለት እፈራለሁ።»

ይኼ ሰማንያ ከሰማኋቸው መቶዎች ሁሉ የበለጠ ክብደት ነበረው። እርግጠኝነት በሕብረት የሚመጣ ነገር እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክበብ ውስጥ መቶ፣ ጓዳ ውስጥ ሌላ። ለአማኙም ለኢ-አማኒውም እንዲሁ ነው።

መርካቶ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ደግሞ ጥያቄዬን ሰምተው አልተቆጡም። እንዲያውም ቁርኣን ውስጥ ያለውን የኢብራሂምን ታሪክ አወሩልኝ። ኢብራሂም ሙታንን እንዴት እንደምታስነሳ አሳየኝ ብሎ ጌታውን ይጠይቃል። «አላመንክምን?» ይባላል። «አምኛለሁ፣ ግን ልቤ እንዲረጋ ነው» ይላል። «ነቢይ ጠይቋል» አሉኝ ሐጂው። «አንተ ብትጠይቅ ምን አለበት?» እኔም የኛው ቶማስ ትዝ አለኝ። ካላየሁ፣ እጄን ካላገባሁ አላምንም ያለው። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በዳግማይ ትንሣኤ ታነሳዋለች። ከሐዋርያት መዝገብ አልተሰረዘም። እምነት ጥርጣሬን የማያውቅ መስሎኝ የኖርኩት በስህተት ነበር።

ኢ-አማኒዎችን ማግኘት ግን ከባድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው ሙስሊም፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነው የተባለበት አገር ውስጥ ነን። ያገኘኋቸው አምስት ነበሩ። አንዷ ወጣት ሐኪም ናት። «እኔ 80 ነኝ» አለችኝ። «ሃያዋ ምንድን ናት?» ስላት «የማላውቀው ብዙ ስለሆነ» አለች። ቤተሰቦቿ አያውቁም። እሑድ እሑድ እናቷን ይዛ ትሄዳለች። ነጠላዋን አጣፍታ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። ረጋ ያለች ሰው ናት፣ ብዙ አላስወራኋትም።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ።

አክስቴ ቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «መቶ ነዋ! ምን ጥያቄ ነው?» ብላኝ ነበር። ሌላ ቀን ብቻዋን አገኘኋት። ለሁለታችን ብቻ ቡና አፈላች። በረካው ላይ ስንደርስ ጥያቄውን ቀይሬ ጠየቅኋት። ሲኒዋን አስቀመጠች። መቁጠሪያዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ» አለች። የሞተው የመጀመሪያ ልጇ ነው። «ኮሪደሩ ላይ ሌሊቱን ቆሜ ስለምናት አደርኩ፣ እመቤቴን። ሊነጋጋ ሲል ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? ‹ካለሽ› አልኳት። ‹ካለሽ አድኚልኝ።› ካለሽ ብዬ ነው የለመንኳት።»

ይኼን ለማንም ነግራ አታውቅም። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

«ታዲያ አክስቴ፣ ለምን መቶ አልሽኝ?»

«ትቻት አልሄድኩማ» አለች።

ደብተሬ ውስጥ ይህንን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ሳወዳድር እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። እኔ የጠየቅኩት «አለ ወይ?» ነው። እሷ የመለሰችው «ትተሻታል ወይ?» ለሚለው ነው። ማመንና መታመን ከአንድ ሥር ይወጣሉ። የአክስቴ መቶ የመታመን መቶ ነው። ማስረጃ ቢጨመርበት አይጨምርም፣ ቢቀነስበትም አይቀንስም።

ልሄድ ስነሳ ከጨርቅ ውስጥ እምነት አወጣች። ከገዳም የመጣላትን አመድ ማለቴ ነው። በአውራ ጣቷ ግንባሬ ላይ ቀባችኝ። ሳልጠርገው ወጣሁ።

ማታ ከዚያ ከኢ-አማኒው ጓደኛዬ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ገና ሲያየኝ ግንባሬን ተመለከተ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለደም። «እህቴም ሁልጊዜ ግንባሯ ላይ አይጠፋም ነበር» አለኝ።

እህቱ መሞቷን አውቅ ነበር። እንዴት እንደሞተች ግን አላውቅም ነበር። ጠበል ቦታ አንድ ሰው «መድኃኒቱን ካላቆምሽ እምነት የለሽም» አላት። አቆመች። ቤተሰቡ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ውሰዱ የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው። የእሷ ዕጣ ግን እንዲህ ሆነ።

«ስንት ከመቶ እንደሆንኩ ጠይቀኸኝ ነበር» አለ። «እውነቱን ልንገርህ? በጭንቅላቴ ካሰብኩት 95 ምናምን ነኝ። ማን ያውቃል። ግን 95 ነኝ ብል ያ ሰውዬ አምስት ከመቶ ትክክል ነበር ያልኩ ይመስለኛል። ስለዚህ መቶ ነኝ።»

እሱም ትቷት አልሄደም።

ሁለቱን እኩል ናቸው ልል አይደለም። በደብተሬ ውስጥ ኢ-አማኒዎቹ ቁጥራቸውን ለማውረድ ቀለል ይላቸዋል። 80፣ 95፣ «ማስረጃ አምጣልኝ እንጂ» ይላሉ። የኔ አማኞች ቁጥራቸውን አያወርዱም፣ ግን ሌሊት ላይ ስለሆነው ነገር ስትጠይቃቸው ከማንም በላይ ጥርጣሬን ያውቁታል። የኢ-አማኒዎቹ መቶ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «አማኝ የሚያምነው ስላላሰበ ነው» የሚለው ላይ እምብዛም አይደራደሩም። እዚህ ላይ ጓደኛዬን ተሟገትኩት። የአክስቴን ምስጢር አልነገርኩትም። የጋሼን ሰማንያ ግን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። አማኙ ጓደኛዬንም «ሳታስብ ነው የካድከው» ማለትህ አሳፍሮኛል ብዬ ነገርኩት። የዚያን የጓደኛችንን እህት ነገር እሱም ያውቅ ኖሯል።

ይህን መሞከር ለሚፈልግ ሰው የምለው፣ ሰው ፊት አትጠይቁ። ቁጥርን የመጀመሪያ ጥያቄ አታድርጉ። ሰው ሲነግራችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ፣ ቤት ገብታችሁ ጻፉ። እኔ ይህን የተማርኩት ሁለት ሰው ደብተሩን አይቶ ወሬውን ከቀየረብኝ በኋላ ነው።

በቅርቡ የዚያ የሰፈራችን ልጅ አባት ሙት ዓመት ነበር። ያው ድንኳን ተተከለ። ኢ-አማኒው ጓደኛዬ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ሲሸከም ዋለ። ካህናቱ ለጸሎት ሲዘጋጁ አማኙ ጓደኛዬ የሟቾችን ስም በወረቀት ይሰበስብ ነበር። ሲሰበስብ ሲሰበስብ እኛ ጋ ደረሰና እሱ ፊት ቆመ።

«የእህትህ ክርስትና ስም ማን ነበር?» አለው።

ነገረው። «እኔ ግን አላምንም» አለ ቀጥሎ።

«አውቃለሁ» አለውና ጻፈው።