ከክብራን ደጅ

ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባበት እያወቅሁ ነው ከወንድሜ ጋር ከባሕር ዳር ጀልባ የተሳፈርሁት። ጣና ከሰዓት በኋላ ስለሚናወጥ ጀልባ ነጂው በማለዳ አስነሣን። መንገዳችን ባይሆንም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ዞር አድርጎ ፔሊካኖቹን አሳየን። አንድ ባለ ታንኳ ደንገል ጭኖ በመካከላቸው ሲያልፍ ለአመል ያህል ፈቀቅ አሉለት እንጂ አልበረሩም።

ደሴቱ ስንደርስ ወንድሜ ጋቢውን አስተካክሎ ሽቅብ ወጣ። እኔ ከመውረጃው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሲመለስ በብራናዎቹ ሥዕል እንደሚያስቀናኝ አላጣሁትም።

ብዙም ሳልቆይ ከበላዬ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚተነፍስ ነገር ሰማሁ።

«እትዬ፣ ቀና ይበሉ» አለኝ ጀልባ ነጂው።

ምንቃሩ ላይ የራስ ቁር የደፋ የሚመስል ትልቅ ጥቁር ወፍ ሾላው ላይ አረፈ። ሆርንቢል ነው፤ የወፍ አጥኚዎች በብርማ ጉንጩ ይለዩታል። የዚህ ወፍ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ሴቷ ለመፈልፈል ስትደርስ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባና በራፉን በጭቃ ትመርገዋለች፤ ጭቃውን የሚያቀርብላት ባሏ ነው። የምትተወው ምንቃር ብቻ የሚያሾልክ ስንጥቅ ነው። ባልየው ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ይቀልባታል። እኔ ከደጅ ቀርቼ፣ ምናልባት እሷ እዚያው ገዳሙ ዛፍ ውስጥ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ወፍ ሲሆን ማን ይጠይቃታል!

ነጭ ጉንጭ ቱራኮን ግን ፍለጋ አንገቴ እስኪያመኝ ጠበቅሁ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እምብዛም የማትገኝ ወፍ ናት። አረንጓዴ ስለሆነች ቅጠል ውስጥ ብትሮጥም አትታይም። አንዷ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትበር ክንፏ ተከፈተና ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ አለ። ያ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት። ክንፏን ስታጥፍ እንደገና ቅጠል ሆነች።

ዛፉ የገዳም ስለሆነ መጥረቢያ የሚያነሣበት የለም፤ ወፎቹም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ገዳሙ ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል። ሐይቁ ዳር ስላለው እንደዚያ ለማለት አልደፍርም፤ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ስንት ዓሣ አጥማጅ እንዳስለቀሰ ጎጃምም ጎንደርም ያውቃል።

ወንድሜ ወረደ። ስለ ወንጌሉ ሥዕሎች መተረክ ሲጀምር ቀድሜ ስለ ቀዩ ክንፍ ነገርሁት።

«የት?» ብሎ ዞረ።

ሾላው ላይ ቅጠል ብቻ ነበር። ነፋሱ ከወዲሁ ውኃውን ማጠፍ ስለጀመረ ጀልባ ነጂው ተሣፈሩ አለን።