«ልጄ፣ አምቡላንስ እንዳትጠራብኝ»

የምሠራው በአውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ስቴት፣ በሜልበርን ምዕራብ፣ ትሩጋኒና በሚባለው የመጋዘን ሠፈር ነው። የሌሊት ሺፍት። ሐበሻው ይበዛል፣ ሱዳኑም ቬትናሙም ሕንዱም አለ። እኔ ቲም ሊደር ነኝ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ስለወሰድኩ፣ አንዱ እጁን ሲቆርጥ ወይ ሌላው ወገቡ ሲያዝ የሚጠሩት እኔን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ጋሼ ታመሙ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኛም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ሥራ የማይመርጡ ሰው ናቸው። ማሸጊያው ጋ ቆመው ሲሠሩ ቆይተው ድንገት የካርቶን ክምር ላይ ቁጭ አሉ። የደከማቸው መስሎን ነበር። ስጠጋ ግን ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። ያን ሌሊት እኛ ከብርዱ የተነሳ በጃኬት ላይ ጃኬት ደርበን ነበር የምንሠራው። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ግራ ክንዴን ከበደኝ አሉ።

ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አምቡላንስ እንዳትጠራብኝ። ኢንሹራንሱን አቁሜዋለሁ። በመኪናህ አድርሰኝ፣ ሆስፒታሉ እኮ ቅርብ ነው።»

ደረቱን ይዞ የሚያቃስት ሰው በዚያች ደቂቃ የሚያሰላው ቢሉን ነበር። ይህን እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

«ጋሼ፣ እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን፤ አሁን አይነሱ፣ አይናገሩ» ብዬ የድንገተኛ አደጋ ስልኩን፣ 000 ደወልኩ። መጀመሪያ ፖሊስ ነው፣ እሳት አደጋ ነው ወይስ አምቡላንስ ብለው ይጠይቃሉ። (እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ሰው ካለ አማርኛ ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።) ስልኩን ያነሳችው ሴት አልተቻኮለችም። እንዲቀመጡ፣ አንድም እርምጃ እንዳይራመዱ ነገረችኝ። አስፕሪን የማይስማማቸው መሆን አለመሆኑን ጠየቀች፤ እንደማያስቸግራቸው ስነግራት አኝከው እንዲውጡ አለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዲፊብሪሌተር፣ የቆመ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን መሣሪያ፣ አጠገባቸው እንድናደርግ አዘዘችን። አንዱ ሱዳናዊ ልጅ ሮጦ አመጣው። ሌላው ደግሞ መብራት ይዞ ወደ ጭነት መኪናዎቹ በር ሄደ። የእኛ ግቢ በር ብዙ ስለሆነ ለአምቡላንስ የሚያሳየው ሰው ከሌለ ዞሮ ዞሮ ነው የሚያገኘን።

ፓራሜዲኮቹ ደርሰው የጋሼን ሸሚዝ ከፈቱና ደረታቸው ላይ ሽቦዎቹን ለጠፉ። ከማሽኑ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱን እያዩ እዚያው ሆነው ወደ ሆስፒታል ደወሉ። ጋሼ ድንገተኛ ክፍል ተሰልፈው አልጠበቁም፤ የልብ ሥር ወደሚከፈትበት ክፍል በቀጥታ ገቡ። ተዘግቶ የነበረው ሥር በዚያው ሌሊት ተከፈተላቸው፣ ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ (ስቴንት) ገባላቸው።

አምቡላንስ ማለት ታክሲ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በእኔ መኪና ብንሄድ ማን ያንን የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ያነሳቸው ነበር? ማን ለሆስፒታሉ አስቀድሞ ይደውላል? ዌስተርን ሪንግ ሮድ ላይ ልባቸው ቢቆም እኔ መሪውን ልያዝ ወይስ ደረታቸውን ልጫን? ለደረት ሕመም በግል መኪና መሄድ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። የመኪናው ፍጥነት አይደለም ቁም ነገሩ፤ ሕክምናው ካሉበት ቦታ ላይ መጀመሩ ነው።

ቢሉ ቤታቸው መጣ። ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ልጃቸው ደውላ በየወሩ ከፋፍለው እንዲከፍሉ አስማማች። ይህ እንደሚቻል የማያውቅ ካለ ይወቀው፤ ቢሉን መሳቢያ ውስጥ መደበቅ ነው የሚያባብሰው።

ከዚያ በኋላ በሻይ ክፍላችን ለሳምንታት የተወራው ስለዚሁ ነው። አንዱ «ሜዲኬር አይከፍልም እንዴ?» አለ። አይከፍልም። አረንጓዴው የሜዲኬር (የመንግሥት የጤና ዋስትና) ካርድ ሐኪም ያሳያል፣ የመንግሥት ሆስፒታል ያስተኛል፣ አምቡላንስን ግን አይጨምርም። ሌላው «ሥራ ቦታ ስለሆነ ድርጅቱ ይከፍላል» አለ። ሥራው ያመጣው ጉዳት ከሆነ፣ ለምሳሌ ፎርክሊፍት ቢገጭህ፣ አዎ፣ የአሠሪው የሥራ አደጋ ዋስትና ይሸፍነዋል። የመኪና አደጋም በቪክቶሪያ የራሱ ከፋይ አለው። ሕመሙ የራስህ ሆኖ ሥራ ላይ ስለተነሳብህ ብቻ ግን ድርጅቱ ይከፍላል ማለት አይደለም።

አሁን ጋሼ እንዴት ያለ ዋስትና እንደቀሩ ልንገራችሁ። ይህን የነገሩኝ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ነው። የግል የጤና ኢንሹራንስ ነበራቸው። አረቦኑ በየዓመቱ ኤፕሪል 1 ይጨምራል፤ እዚህ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው። በዚያ ዓመት ደብዳቤው ሲመጣ ከቤት ኪራዩና ከመብራቱ ጋር አልቻሉትም። ደውለው አቋረጡት። የቤተሰብ የሆስፒታል ኢንሹራንስ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚበላ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ማቋረጡን አስብ ነበር። የአምቡላንሱ ሽፋን ግን በዚያው ጥቅል ውስጥ ነበር። ጥቅሉ ሲሄድ እሱም አብሮ ሄደ። አምቡላንሱን ለብቻው መግዛት እንደሚቻል የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ብዙ ሰው «የአምቡላንስ ኢንሹራንስ ተወደደ» ሲል የሚያወራው ስለ ጥቅሉ ነው። ለብቻው ሲታይ ሌላ ነገር ነው። በቪክቶሪያ የአምቡላንስ አገልግሎቱ ራሱ የሚሸጠው አባልነት ለአንድ ሰው በዓመት 50 ዶላር ገደማ ነው፤ ለቤተሰብ ደግሞ 100 ገደማ። በ2011 እ.ኤ.አ. መንግሥት ዋጋውን በግማሽ ቀንሶት የቤተሰቡ 75 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ትንሽ እያለ ወጥቷል። ጨምሯል፣ እውነት ነው። ግን ሂሳቡን ሥሩት። አንድ ሰው በሃያ ዓመት አንዴ ብቻ አምቡላንስ ቢጠራ፣ የሃያ ዓመቱ ክፍያ ከዚያች አንዲት ቢል ጋር ይቀራረባል። ከገጠር ሄሊኮፕተር ያነሳው ሰው ቢል ደግሞ በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ለፍሬ ለቀማ ሚልዱራና ሼፐርተን የምትወርዱ ይህን አስቡበት።

ከልጆቹ አንዱ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ «እኔ ታምሜ አላውቅም፣ ለምን በነፃ ልስጣቸው?» ሲል አንዲት እህታችን «ዕድር የምንከፍለው እንድንሞት ነው እንዴ?» አለችው። ጥሩ መልስ ነው። እኔ የጨመርኩለት አንድ ነገር ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 2016 በዚህ ከተማ ማዕበልና የሣር ብናኝ አንድ ላይ መጥቶ ሰዉን በአንድ ምሽት አስም ጣለው። ሺዎች ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዱ፣ 10 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት አስም ይዟቸው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ታፍነዋል። ሳንባ ዕድሜ አይጠይቅም።

ሁሉም ሰው ይግዛ እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ አያስፈልገውም። የጡረታ ካርድ ወይም ሄልዝ ኬር ካርድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው) ያለው ሰው በቪክቶሪያ ድንገተኛ አምቡላንስ በነፃ ነው። ኩዊንስላንድና ታዝማኒያ የሚኖር ወገን ስቴቱ ይሸፍንለታል። ኒው ሳውዝ ዌልስ ያለው ደግሞ የዋጋውን ገሚስ ያህል ይጠየቃል። ከውጭ አገር በተማሪ ቪዛ የመጡም በተማሪ ኢንሹራንሳቸው ውስጥ አላቸው። ሁለቴ የሚከፍልም አለ፤ አንዷ የሥራ ባልደረባችን ኢንሹራንሷ ውስጥ ሙሉ የአምቡላንስ ሽፋን እያለ አባልነቱንም ስትከፍል ኖራለች። አንብበን ስንነግራት አንዱን ተወችው።

የእኛን ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ያ ሄልዝ ኬር ካርድ ነው። አዲስ መጥተን ሥራ ሳንይዝ ለብዙዎቻችን ካርዱ ይሰጠናል። ከዚያ ሥራ ይገኛል፣ ኦቨርታይም ይመጣል፣ ገቢ ከፍ ይላል፣ ካርዱ ይቋረጣል። ሰው ካርዱ እንደቀረበት የሚያውቀው መድኃኒት ሲገዛ ነው። አምቡላንሱም አብሮ እንደቀረ አያስበውም። በክፍላችን ብቻ እንደዚህ ሆነው የቆዩ ብዙ ናቸው። ደመወዝ ሲያድግ መጀመሪያ ማየት ያለብን ይህንን ነው።

ሥራ አስኪያጃችንን ከሺፍት በፊት በምናደርገው ስብሰባ ላይ ትንሽ ደቂቃ ስጠን ብዬ ጠየቅኩት፤ አላቅማማም። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአረብኛና በቬትናምኛ እየተረጎምን ተናገርን። ሁለት ነገር ነው ያልኩት። አንደኛ፣ ሽፋን ኖረም አልኖረም ደረት ሲያም፣ ፊት ሲጣመም፣ ትንፋሽ ሲያጥር 000 ይደወላል፤ የሚደውለውም ታማሚው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ሽፋን እንዳላችሁ እዩ። ዋስትናው ለእኔ ዋጋ ያለው ቢሉን ስለሚከፍል ብቻ አይደለም። ስልኩ እጅ ላይ ባለበት ደቂቃ ስለ ገንዘብ የሚታሰበውን ነገር ስለሚያስቀር ነው። ጋሼ እጄን የያዙኝ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ከፍለው የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ዕዳ ስለሚፈሩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ብቻውን ሲሆን አይደውልም።

አሁን የያዝነው የአንድ ጓደኛችንን ጉዳይ ነው። እናቱ ከጎንደር በጎብኚ ቪዛ ሊመጡ ነው። ደም ግፊት አለባቸው። ኢትዮጵያ ከአውስትራሊያ ጋር የጤና ስምምነት ስለሌላት ሜዲኬር የለም። የእሱ የቤተሰብ አባልነት ደግሞ ለሚስቱና ለልጆቹ እንጂ ለእናቱ አይሆንም። የጎብኚ ኢንሹራንስ ሊገዛ ነውና ትናንት በዕረፍት ሰዓት ወረቀቶቹን ዘርግተን አነበብን። ርካሹ «አምቡላንስ ይሸፍናል» ይላል፤ ወረድ ሲሉ ግን እስከ ተወሰነ ገንዘብ ብቻ ነው፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም ያመጣውንም ይተዋል። ውዱ የግፊቱን ጉዳይ በግልጽ አይናገርም። የሚመልሱትን በጽሑፍ እንዲልኩልን ኢሜይል ጻፍንላቸው። መልሱ ሳይመጣ አይከፍልም፤ ትኬቱንም ከዚያ በኋላ ነው የሚቆርጠው።