ቡናዬን ሳልተው ስኳሬን እንዴት አወረድኩት

ካፌ ሱዋ ዳ የሚባለውን የቬትናሞች ቀዝቃዛ ቡና ያስለመደችኝ የማታ ሥራ ባልደረባዬ ናት። ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ ያለው የቬትናሞች የገበያ ማዕከል ኤደን ሴንተር እኛ ሐበሾች ከምንበዛበት ሰፈር ሩቅ አይደለም። በትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ የወረደ ጥቁር ቡና፣ ከሥሩ በቆርቆሮ የሚሸጥ ወፍራም ኮንደንስድ ወተት፣ ከላይ በረዶ። ሌሊቱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። በየፈረቃዬ እጠጣው ነበር።

ከዚያ የደም ምርመራ ተደረገልኝና ኤዋንሲዬ (A1C፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ቁጥር) 6.1 መጣ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው የስኳር በሽታ ዋዜማ ነው፤ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር አለብሽ ይሉሻል። ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ሂጂ አሉኝ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ሄድኩ።

አስቀድሞ የነገረኝ ሰው በኖረ የምለው ይሄን ቀጠሮ ነው።

ባለሙያዋ ቅጿን ይዛ ትጠይቃለች። «ቡና ትጠጫለሽ?» አዎ። «ስንት ማንኪያ ስኳር?» ስኳር አልጨምርም፤ የሚገባበት ኮንደንስድ ወተት ነው፣ እሱ ራሱ ጣፋጭ ነው አልኳት። ቀና ሳትል «ወተት» ብላ ጻፈች። ስልኬን አውጥቼ የቆርቆሮውን ጀርባ ፎቶ አሳየኋት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ 130 ካሎሪ፣ 22 ግራም ስኳር ይላል። አየት አደረገችና «ወተት ጥሩ ነው፣ ካልሲየም አለው» ብላ ወደ እንጀራ ተሻገረች። እንጀራውን በቡናማ ዳቦ ተኪ፣ ቡናውን አቁሚ አለችኝ። ጤፍ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ስንት እንጀራ እንደምበላም አልጠየቀችም። የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ቡና በቀይ ተሰርዟል፤ ስለ ኮንደንስድ ወተት አንድም መስመር የለም። ከሳምንታት በኋላ ኢንሹራንሴ የማይሸፍነው ቢል በፖስታ መጣልኝ። እሱንም ከፈልኩ።

እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ቁጥሩን እጇ ላይ አስቀምጬላት ነበር።

ካልሲየሙን እንየው። አንድ ኩባያ ተራ ወተት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከኮንደንስድ ወተት ለማግኘት 100 ግራም ገደማ መብላት አለብሽ። እዚያ ውስጥ ደግሞ ከ50 ግራም በላይ ስኳር አለ። ይሄ ወተት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ያለ ማቀዝቀዣ እንዲቆይ ነው፤ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ስኳሩ ነው። ቬትናም ውስጥም ፈረንሳዮች ቡና ሲያስገቡ ትኩስ ወተት እንደ ልብ ስላልነበረ የቆርቆሮው ገባ።

እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው። ካፌው ውስጥ «ወተቱን ለብቻው አድርጉልኝ» አልኩና ቤት ወስጄ በማንኪያ ለካሁት። አራት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ወጣው። 44 ግራም ስኳር ማለት ነው። ከዚያ ጥቂቱ የወተቱ የራሱ ነው፤ እሱን ብንተወው እንኳ የተጨመረው ስኳር ከ30 ግራም ያልፋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለሴት በቀን የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ነው። በአንድ ብርጭቆ አለፍኩት፣ ገና ምግብ ሳልበላ። ብርዱ ደግሞ ጣፋጩን ይደብቃል። ያንኑ ወተት ሙቅ ቡና ውስጥ ብትጨምሩት አፍ ያጣብቃል።

ማጥለያውን ገዛሁ፣ ርካሽ ነው። የይርጋጨፌ ቡና ወፈር አድርጌ ፈጭቼ በትንሽ ሙቅ ውኃ አወርዳለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ከኮንደንስዱ አንድ ማንኪያ እየቀነስኩ በቦታው ተራ ወተት ተካሁ። ዛሬ አንድ ማንኪያ ላይ ነኝ። ከዚያ በታች አልወርድም፣ ቡናው ቡና አይሆንልኝም። በአንድ ቀን ቁረጡ የሚል ምክር አልቀበልም፤ እንደዚያ ያቋረጡ ጓደኞቼ ሁሉ ተመልሰውበታል።

ቡናውን አልተውኩም፤ እናንተም አትተዉት። ያለ ስኳርና ያለ ወተት ቡና ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። ቡና ጠጪዎች ለስኳር በሽታ ያላቸው ዕድል አነስ እንደሚል በብዙ ጥናት ታይቷል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ካፌይኑን ነው። ቬትናሞች የሚጠቀሙት ሮቡስታ የሚባል የቡና ዝርያ ከእኛው አራቢካ እጥፍ ገደማ ካፌይን አለው። ለጤናማ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ይባላል፤ ነፍሰ ጡር ከ200 ባታልፍ ነው። ደም ማነስ ያለባት ደግሞ ከምግብ ጋር አትጠጣው፤ ሰውነቷ የምግቡን ብረት (አይረን) በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።

በጾም ጊዜ ከኮኮናት የተሠራ ኮንደንስድ የምትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ስኳሩ ከወተቱ ብዙም አያንስም።

ቀጣዩ ምርመራ 5.7 ሆነ። እንጀራዬን እየበላሁ፣ በልክ። ያቺ ባለሙያ አታውቅም፤ ወደ እሷ አልተመለስኩም። እናንተ ከሄዳችሁ ግን የምትጠጡትን በማንኪያና በግራም ጽፋችሁ ሂዱ። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ካሏችሁ ወረቀቱ ከፋይላችሁ ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ፣ ሳይያያዝ አትነሡ።