የዴንቨር ጠብታ ለጉጉፍቱ ፈረስ

የአጎቴ ልጅ ከዴንቨር ደወለች። ውሻዋ አርጅቶ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። ሲቢዲ የሚባል ጠብታ ከጀመረ ወዲህ ግን ተሽሎታል። «ለአባዬ ዳማስ ልላክለት?» አለችኝ። አጎቴ ጉጉፍቱ ነው የሚኖሩት። ዳማ ፈረሳቸው ከክረምቱ ወዲህ በፊት እግሩ ያነክሳል። እኔ ደሴ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ የቤተሰቡ የከብትና የፈረስ ጣጣ ሁሉ እኔው ጋ ነው የሚመጣው።

በውሻዋ ነገር አልተከራከርኳትም። ሲቢዲ ከካናቢስ ተክል ይወጣል እንጂ አያሰክርም፤ የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት መገጣጠሚያቸውን ለሚያማቸው ውሾች ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ሰጥቶ ነበር። ሕመማቸው ቀነሰ፣ እንቅስቃሴያቸውም ጨመረ። በዓመቱ ደግሞ እዚያው እሷ ያለችበት ኮሎራዶ ውስጥ የሚጥል በሽታ ባለባቸው ውሾች ተሞክሮ የመጣሉ ብዛት ቀንሷል። ሁለቱም ጥናቶች ግን የጥቂት ውሾች ናቸው። በሁለቱም አንድ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ «የጉበት ምርመራ አሠሪለት» አልኳት። ጠርሙሱ ላይ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለመኖሩንም እንድታይ ነገርኳት፤ ውሻን ይገድላል። ቲኤችሲ የበዛበት ከሆነም ውሻው ይንገዳገዳል፣ ሽንቱንም መቆጣጠር ያቅተዋል።

ወደ ፈረሱ ስንመጣ ስሌቱ ራሱ ያስቃል። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 120 ሚሊግራም ይበቃዋል። 1500 ሚሊግራም የያዘ ጠርሙስ አስራ ሁለት ቀን ይዞ ይቆያል ማለት ነው። የደጋ ፈረስ ግን 250 ኪሎ ቢመዝን በውሻው ልክ በቀን 1000 ሚሊግራም ይፈልጋል። ያው ጠርሙስ ሁለት ቀን አይሞላም! በዚያ ላይ ፈረስ በአፉ ከወሰደው ውስጥ ወደ ደሙ የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤትም ለእንስሳት ያጸደቀው የሲቢዲ ምርት የለም። እዚህ ደግሞ ካናቢስ በሕግ የተከለከለ ነው። ለዳማ ብዬ ጉምሩክ ላይ የምታሰር ሰው አይደለሁም።

አጎቴ ወሬውን ሲሰሙ ጮኹ። «ፈረሴን ሐሺሽ ልታበሉት ነው?» ሐሺሽ እንዳልሆነ ባስረዳም አልተቀበሉኝም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብዙ አልደከምኩ።

ምክንያቱም የዳማው ችግር ሰኮናው ነው። ክረምቱን ጭቃ ላይ ቆሞ ስለከረመ ሰኮናው አልተፋቀም፣ ወደፊት ረዝሟል፣ ተረከዙም ዝቅ ብሏል። እንዲህ ሲሆን ከእግሩ ጀርባ ያለው ጅማት ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይቀራል። ሕመም የሚያስታግስ ነገር ብንሰጠው ማነከሱን ያቆምና ጭነት ይጫንበታል፤ ጅማቱ የባሰ ይጎዳል። የሚያስፈልገው ሰኮናውን በየጊዜው ቀስ እያሉ ማስተካከል ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ መቁረጥም ያሳምመዋል። ከዚያ እረፍት፣ ደረቅ ማደሪያ። አጎቴ በቢላ ይከረክማሉ፤ ቢላ ግን ወጣ ገባ ያደርገዋል።

«እንግዲያው የሰኮና ሞረድ ላኪ» አልኳት። ዝም አለችና «ለሞረድስ ቀረጥ ይከፈላል?» ብላ ጠየቀች።