ሰውም ዕቃም ለምትጭን ጀልባ ታሪፍ ቁጥር እንዴት እመርጣለሁ

ለጣና የሚገዛ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል መንገደኛ ያመላልሳል፣ እህልና ሲሚንቶም ይጭናል። ሻጩ ግን ኢንቮይሱ ላይ «የመንገደኞች ጀልባ» ብሎ ያልፋል። በዚህ ስም ብቻ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ) የሚሞላ ትራንዚተር (የጉምሩክ አስፈጻሚ) ፍተሻ ላይ መጉላላቱ አይቀርም።

የጉምሩክ ታሪፉ ምዕራፍ 89፣ ማለትም የመርከብና የጀልባ ምዕራፉ፣ የሚያየው ጀልባዋ ለምን እንደተነደፈች ነው። በዋናነት ለሰው ማጓጓዣ የተሠራች ከሆነች 8901.10፣ ለጭነት ወይም ለሰውና ለጭነት በጋራ ከሆነች 8901.90 ትገባለች። «በዋናነት» የሚለው በኪሎም በመቶኛም አልተለካም። ጭቅጭቁም ከዚህ ይነሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከሻጩ የውስጥ አቀማመጥ ንድፉንና የመረጋጋት ስሌቱን (ጀልባዋ ተጭና እንደማትገለበጥ የሚያሳየውን) አስልካለሁ። ከዚያ የወንበሩን ብዛት፣ የጭነት ክፍሉን ስፋት፣ የመጫኛ በሩን መጠን፣ ክሬን ወይም ዊንች መኖሩን እለቅማለሁ። በመረጋጋት ስሌት አንድ መንገደኛ 75 ኪሎ ይያዛል፤ 60 ወንበር እንግዲህ 4.5 ቶን ነው። የጭነት ክፍሉ 20 ቶን የሚችል ከሆነ ያለማመንታት 8901.90 እላለሁ። 150 ወንበር፣ ማለትም 11.25 ቶን ሰው፣ ከ2 ቶን ሻንጣ ማስቀመጫ ጋር ሲመጣ ደግሞ 8901.10 ነው። የሚያደክመው መሃል ላይ የሚወድቀው ነው፤ እዚያ ላይ የወለል ስፋቱንና የመጫኛ መሣሪያውን እመዝናለሁ። ስሌቱ ሕግ አይደለም፣ ግን ፈታሹ ፊት ከቃል ክርክር ይልቅ ቁጥር ይሻላል።

አንዳንዱ «ከ12 መንገደኛ በላይ ከጫነች የመንገደኛ መርከብ ናት» እያለ ይሟገታል። ያ የሶላስ (በባሕር ላይ ስለ ሰው ሕይወት ደኅንነት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) መስፈርት ነው፤ ታሪፉን አያስገድድም።

ፌሪ ግን ለብቻው ነው። መኪና ከነሰው የሚያሻግር፣ ራምፕ ያለው ፌሪ የመኪናው ክብደት የሰውን ቢበልጥም 8901.10 ነው፤ አንቀጹ «ማንኛውም ዓይነት» ስለሚል ከላይ ያለው ስሌት እዚህ አይሠራም። የነዳጅ ታንከር 8901.20፣ ማቀዝቀዣ መርከብ 8901.30። ለማቀዝቀዣ ኮንቴይነር የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያላት የኮንቴይነር መርከብ ግን በዚያ ምክንያት ማቀዝቀዣ መርከብ አትሆንም።

ለእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው ተፈታትቶ በጂቡቲ የሚገባው ጀልባ ነው። በታሪፉ የትርጓሜ ደንብ 2(ሀ) መሠረት ክፍሎቹ አንድ ላይ ከቀረቡና እዚህ የሚቀረው መግጠም ብቻ ከሆነ፣ በብሎንም በብየዳም ቢሆን፣ እንደ ሙሉ ጀልባ ይመደባሉ። ላሜራው እዚህ ገና የሚቆረጥና የሚታጠፍ ከሆነ ግን ደንቡ አይሸፍነውም። በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የባሕር ጭነት ሰነድ) እና በአንድ ዲክላራሲዮን እንዲመጣ አጥብቄ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ምዕራፍ 89 ለመለዋወጫ ቁጥር የለውም፤ ለየብቻ የመጣ የመርከብ ዲዝል ሞተር 8408.10፣ ፕሮፔለሩ 8487.10፣ መልሕቁ 7316 ይሄዳል፣ ቀረጡም በየራሱ መጣኔ ይሰላል። ባዶ ቀፎ ቀድሞ ከደረሰ፣ የምን ዓይነት ጀልባ እንደሆነ ቅርጹ ካልለየው፣ በምዕራፉ ማስታወሻ 1 መሠረት ወደ 8906 ይወርዳል።

ጀልባዋን ጭኖ የመጣ ተጎታች 8716 ነው፣ ለብቻው ይመዘገባል። ለጀልባዋ ከሚያስፈልጋት ብዛት በላይ የተላከ የሕይወት አድን ሰደርያም በ6307.20 ይለያል።