ያገለገለ ቀለሃ በሞተር ፕሬስ፦ እንዴት እንደማዘጋጅና ምን እንደተማርኩ

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የተኩስ ስፖርት እወዳደራለሁ። ሽጉጤ 9 ሚሊ ነው፤ ጠመንጃዬ .223 (እንዲህ ያሉት ቁጥሮች የጥይት ዓይነት መጠሪያ ናቸው)። ለዚህ ስፖርት ልምምድ ያስፈልጋል፤ ልምምድ ደግሞ ጥይት ይፈጃል። ሁሉንም በሱቅ ዋጋ እየገዙ መዝለቅ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ እዚህ እንዳሉ ብዙ ተኳሾች ቀለሃዬን ለቅሜ ራሴ እሞላለሁ። በአሜሪካ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት ለመሙላት የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም። ሞልቶ ለመሸጥ ግን የአምራች ፈቃድ ግዴታ ነው።

እዚህ ስለ ባሩድ ወይም ስለ አረር አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ በፊት ስላለው ሥራ ነው። የተተኮሰ ቀለሃ እንዴት ተመርጦ፣ ታጥቦና ልኩ ተስተካክሎ ዳግም ለመሞላት እንደሚበቃ ማለቴ ነው። ለእኔ የጥይት ጥራት ግማሹ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ የሠራሁት እጀታው በክንድ በሚሳብ ፕሬስ፣ ማለትም ቀለሃን ጨምቆ ልክ በሚያስይዝ ማሽን ነበር። አሁን ዲሎን አርኤል 1100 በሚባል ፕሬስ ላይ ሞተር ገጥሜ እሠራለሁ። ማሽኑ ስምንት ጣቢያ አለው፤ ቀለሃው ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ የሚሠራባቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ ዙር ሲዞር ሁሉም ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ፍጥነቱ ደስ ይላል። ግን ከሞተሩ ጋር ለመስማማት መጀመሪያ መረዳት የነበረብኝ አንድ ነገር አለ። እጀታውን በክንዴ ስስብ ሁሉ ነገር ይሰማኝ ነበር። ቅባት ያነሰው ቀለሃ ይከብዳል። የተሰነጠቀው ይላላል። የተሳሳተ ዓይነት ከገባ እጀታው መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሞተር ይህን አይሰማም፤ ጨፍልቆት ያልፋል። ስለዚህ ሞተር የገጠመ ሰው ክንዱ ይነግረው የነበረውን ሁሉ በሌላ መንገድ ማወቅ አለበት፤ ከፊሉን ማሽኑ ጋ ሳይደርስ በመለየት፣ ከፊሉን በሴንሰር፣ ከፊሉን ደግሞ እየለኩ በማረጋገጥ።

መለየቱ አሰልቺ ነው። ሰው ሁሉ ሊዘለው የሚፈልገው እሱን ነው፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ባልዲ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። የምፈልገው የነሐሱን ቀለሃ ነው። መጀመሪያ ማግኔት አሳልፍበታለሁ፤ የብረት ቀለሃ ይለቀማል። አሉሚኒየሙን ማግኔት አይስበውም፤ እሱን በዓይንና በክብደት ነው የምለየው። ቀጥሎ በቀዳዳቸው መጠን የሚለያዩ ወንፊቶች አሉ፤ ትልልቁን ከትንንሹ ይለያሉ። ወንፊት የማይለየው .380ን ነው። ከ9 ሚሊ ጋር ውፍረቱ ተቀራራቢ ነው፤ ርዝመቱ ግን 17.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ9 ሚሊ ደግሞ እስከ 19.15 ይደርሳል። ሳህን ላይ አቁሜ ከጎን ሳየው አጭሩ ወዲያው ይታወቃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካ ቀለሃ ነው። .22 በ9 ሚሊ ውስጥ፣ 9 ሚሊ በ.40 ውስጥ ይገባል። ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ፕሬሱ ውስጥ ሲገባ ግን የፕራይመር ማስወጫው ፒን ይሰበራል፤ አንዳንዴ ዳዩ፣ ማለትም ቀለሃው ገብቶበት ልክ የሚይዝበት የብረት ቅርጽ፣ ራሱ ይጎዳል። ፕራይመር ማለት ቀለሃው መቀመጫ ላይ ያለችው፣ መምቻው ሲመታት እሳት የምትሰጠው ትንሽ ቆብ ናት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለሃ አፉ ወደ ላይ ሆኖ በመብራት ይታያል። እግረ መንገዴን የቀለሃውን ሆድም አያለሁ። አንዳንድ የ9 ሚሊ ቀለሃዎች ውስጣቸው ደረጃ አለው፤ ግድግዳው ከመሃል ወደ ታች ድንገት ይወፍራል። እነዚህ ውስጣዊ ይዞታቸው ጠባብ ነው፤ ደረጃው ላይ የመበጠስ ጠባይም አላቸው። ሳላመነታ እጥላቸዋለሁ።

ሌላው ደግሞ በርዳን የሚባለው ዓይነት ነው። ፕራይመር ማለት ቀለሃው መቀመጫ ላይ ያለችው፣ መምቻው ሲመታት እሳት የምትሰጠው ትንሽ ቆብ ናት። በተለመደው ቀለሃ እሳቱ የሚያልፈው መሃል ላይ ባለች አንዲት ቀዳዳ ነው፤ ፒኑም በእሷ ገብቶ ፕራይመሯን ይገፋል። በርዳን ግን ብዙውን ጊዜ ከመሃል ወጣ ያሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው ያለው። ፒኑ መግቢያ ስለሌለው ይሰበራል። በመብራት ስመለከት እሱንም አብሬ እለያለሁ።

ያልተተኮሰ ጥይትም ባልዲው ውስጥ ይገኛል። እሱ ወደ ማጠቢያም ወደ ፕሬስም አይጠጋም። ለብቻው አስቀምጬ ለተኩስ ሜዳው ኃላፊዎች እመልሳለሁ። አረርና ባሩድ ሳይኖረው ያልተመታ ፕራይመር ብቻ የያዘ ቀለሃም አለ፤ እሱንም ሞተር ላይ አላስገባውም።

ስለ እርሳስ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎቹ ፕራይመሮች ውስጥ የእርሳስ ውህድ አለ። ሲተኮስ ጥቀርሻው ቀለሃው ውስጥ ይቀራል። ቀለሃውን በደረቁ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ ውስጥ የሚያሽከረክሩ ሰዎች አሉ። ነሐሱ ያበራል፤ አቧራው ግን እርሳስ ይዞ ይነሳል። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ለልጅ አደጋ የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን ደግሞ የለም። ስለዚህ እኔ የማጥበው በውሃ ነው። ጋራዥ ውስጥ ጓንት አደርጋለሁ፤ የሥራ ልብሴ ወደ ሳሎን አይገባም፤ ከሌላው ልብስ ጋርም አይታጠብም። እዚያ አልበላም፣ ቡና አልጠጣም። ባለቤቴ በዚህ ላይ ድርድር አታውቅም፤ ልክ ናት።

የመጀመሪያው እጥበት ቀላል ነው። ሙቅ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በጣም ጥቂት የሎሚ አሲድ። ዓላማው አሸዋና ጥቀርሻን ማስወገድ ነው። አሸዋ ዳይ ይቧጭራል፤ የተቧጨረ ዳይ ደግሞ በተራው ቀለሃውን ሁሉ ይቧጭራል። ካጠብኩ በኋላ በደንብ ይደርቃል። የተተኮሰው ፕራይመር ገና ስላልወጣ ከኋላው ውሃ ይደበቃል፤ ላዩ ደረቀ ብሎ መቸኮል አይሆንም።

አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ግን በፍጹም አላስጠጋም። ነሐስ አሞኒያ አይችልም። የእንግሊዝ ጦር በሕንድ ይህን በተግባር አይቶታል። በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ውስጥ የተከማቹ ጥይቶች ቀለሃቸው እየተሰነጠቀ አስቸገረ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ተብራራ። ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ በአሠራር ጊዜ ውጥረት የቀረበትን ነሐስ እየሰነጠቀው ነበር። ለቀለሃ የሚውለው ነሐስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ብረት የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ለቀለሃ ይሆናል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ቅባት ነው። ቀለሃ ሲተኮስ አብጦ ጥይት የሚገባበትን የጠመንጃውን ክፍል ቅርጽ ይይዛል። ዳዩ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ያለ ቅባት የ.223 ቀለሃ ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። እኔ ላኖሊን ከአልኮል ጋር ቀላቅዬ እረጫለሁ። ላኖሊን ከበግ ጸጉር የሚወጣ ቅባት ነው። አንድ እጅ ላኖሊን ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት እጅ አልኮል ይበቃል። አልኮሉ 99 በመቶ መሆን አለበት፤ 70 በመቶው ውሃ ስላለበት ላኖሊኑ አይሟሟም። ከረጨሁ በኋላ አልኮሉ እስኪተን እጠብቃለሁ። እርጥብ እያለ ወደ ፕሬሱ ከገባ ቅባቱ ሥራውን አይሠራም። አልኮሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት ባለበት አካባቢ አይሞከርም።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። የ.223 አደራደሬ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዳይ ፕራይመሩን ያስወጣና ቀለሃውን ልክ ያስይዛል። ቀጣዩ ጣቢያ የፕራይመሩን ጎድጓዳ አፍ ከታች ጨምቆ ያስተካክላል። ከዚያ በሞተር የሚዞር መቁረጫ የአንገቱን ትርፍ ይቆርጣል፤ ፍቅፋቂውን ቫኪዩም ይስበዋል። መቁረጫውን የያዘው ዳይ አንገቱንም አብሮ ስለሚያጠብበው በመጨረሻ አንድ ዘንግ ገብቶ አንገቱን ወደ ልኩ ይከፍተዋል። የ9 ሚሊ ቀለሃ መቆረጥ አያስፈልገውም፤ ሥራው አጭር ነው።

ርዝመቱ ቀልድ አይደለም። የ.223 ቀለሃ ቢበዛ 44.70 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ተቆርጦ የሚወርደው ወደ 44.45 ነው። ከልኩ ያለፈ አንገት ጠመንጃው ውስጥ መጨረሻውን ገፍቶ አረሩን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ግፊትም ይጨምራል። ትከሻውም፣ ማለትም ሆዱ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ፣ እንዲሁ ልክ አለው። በጠመንጃዬ ከተተኮሰው ቀለሃ ትከሻውን ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የምመልሰው። ከዚያ በላይ ከተገፋ ነሐሱ በየተኩሱ እየተለጠጠ ከመቀመጫው በላይ ይሳሳል፤ አንድ ቀን እዚያ ላይ ይበጠሳል።

ከተማርኳቸው ሁሉ ትልቁ ይኸው ልክ ላይ ነው። ዳይ የሚስተካከለው ሁሉም ጣቢያ ቀለሃ ይዞ ነው። አንድ ቀለሃ ብቻ አስገብቶ ሲለካ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ሁሉም ጣቢያ ሲሞላ ሌላ ቁጥር ይወጣል። ፕሬሱ ብረት ቢሆንም ጭነት ሲበዛበት በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ትከሻውም ወደሚፈለገው ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑን በቀለሃ ሞልቼ፣ ቀስ ብዬ አዙሬ፣ የሚወጣውን እለካለሁ። አስተካክዬ እንደገና እለካለሁ። ይህ ሳያልቅ ሞተሩን አላስነሳም።

የጎድጓዳው ጉዳይ ደግሞ ከወታደራዊ ቀለሃ ጋር ይመጣል። ብዙው 5.56 ቀለሃ (የ.223 ወታደራዊ አቻ) መቀመጫው ላይ ኤል ሲ የሚል ምልክት አለው። ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ከተማ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ የጀመረው የሌክ ሲቲ የጦር ሠራዊት ጥይት ፋብሪካ ማለት ነው። ክብ ውስጥ ያለ መስቀል ደግሞ የኔቶ ምልክት ነው። ፋብሪካው ፕራይመሩ በአውቶማቲክ ተኩስ ተፈናጥሮ እንዳይወጣ ዙሪያውን ነሐሱን ይቀረቅርበታል። ያ ከንፈር ካልተስተካከለ አዲስ ፕራይመር በሥርዓት አይገባም። ማስተካከያው የሚገፋው ከመቀመጫው ታች ነው፤ ቀለሃውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ዘንግ አለ። የመቀመጫው ውፍረት ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ለአንዱ ልክ የሆነው ለሌላው ይበዛል፤ ጎድጓዳው ሰፍቶ ፕራይመር የማይይዝ ይሆናል። ለዚህ ነው .223ን በመቀመጫ ምልክቱ ለይቼ በየተራ የማስገባው። አድካሚ ነው፤ ግን ውጤቱ ይክሳል። በመለኪያ ፒን እየፈተሽኩ አረጋግጣለሁ።

የሞተሩን ክላች፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ማሽኑን የሚያቆመውን ክፍል፣ በተመለከተ መመሪያዬ አንድ ነው። ደህና ቀለሃ ለማሳለፍ የሚበቃው ዝቅተኛ ጉልበት ላይ አቆመዋለሁ። ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ይቆማል። ማሽኑ አሁንም አሁንም ቆመ ብሎ ክላቹን ማጥበቅ ቀላል ነው፤ ግን ያ ማለት ማሽኑ ሊነግረኝ የሞከረውን አፉን መዝጋት ነው። ሲቆም የቆመበትን ምክንያት አያለሁ። ብዙ ጊዜ ቅባት ያነሰው ቀለሃ ነው፣ ወይም ከመለየት ያመለጠ። ፒኑ እስከ መጨረሻው መውረዱን የሚያይ ሴንሰርም አለ፤ ከተሰበረ ያቆመዋል። ሴንሰሩ የማያየው ግን አለ። አንዳንዴ የፕራይመሩ ጣሪያ ብቻ ተቦርቡሮ ይወጣና ግድግዳው እንደ ቀለበት ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። ፒኑ ወርዷልና ሴንሰሩ ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ይህን የሚያገኘው ዓይን ነው፤ በተለይ ለረጅም ጊዜ እርጥበት የመታው ቀለሃ ላይ።

ፍጥነቱን በሰዓት 1,800 ገደማ ላይ አድርጌዋለሁ። ማሽኑ ከዚያ በላይ ይችላል። እኔ ግን ከዚያ በላይ ሲሄድ የሚወጣውን በዓይኔ መከተል አልችልም፤ በየመሃሉ እያነሳሁ ርዝመትና ትከሻ መለካትም አይመቸኝም። ሞተሩ እየሠራ ጋራዡን ትቼ አልወጣም።

ከፕሬሱ የወጣው ሁለተኛ ይታጠባል፤ አሁን ከትንንሽ የማይዝግ ብረት ሽቦዎች ጋር። ቅባቱ ይወጣል፣ ጎድጓዳው ይጸዳል፣ መቁረጫው የተወው ሹል ጠርዝም ይለሰልሳል። ሲያልቅ ሽቦ ቀለሃው ውስጥ መቅረት አለመቅረቱን አያለሁ፤ ሁለት ሽቦዎች ተጣምረው እሳት ማለፊያዋ ቀዳዳ ውስጥ ሊቀረቀሩ ይችላሉ። ከዚያ አንገት የተሰነጠቀውን አወጣለሁ። የ.223ውን ደግሞ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ሽቦ ከውስጥ እዳስሳለሁ። ሽቦው ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ሲንሸራተት እንቅፋት ካገኘ ግድግዳው ሳስቷል ማለት ነው። ከውጭም እዚያው ላይ የሚያበራ ቀለበት ይታያል። ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ ያለበትን ቀለሃ ሳልከራከር እጥለዋለሁ።

የተረፈው የመቀመጫ ምልክቱና የተዘጋጀበት ቀን ተጽፎበት ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል። የተጣለውን አፉን በፒንሳ ጨፍልቄ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች አስረክባለሁ፤ ማንም አንስቶ ዳግም እንዳይሞላው።